አማቷ የሚጠፉበት መንገድ

«መንገድ የጠፋው ሰው ዝግ አይልም፤ ይፈጥናል» አሏት አማቷ፣ ሙሽራ ሆና በገባች ሰሞን። ከገበያ ስትመለስ ሰፈሩ ዞሮባት በአንድ ሱቅ ፊት ደጋግማ አልፋ ነበር፤ ባለሱቁ ሰላምታ እስኪሰለቸው ድረስ። ያገኟት አማቷ ናቸው። አልሳቁባትም። እጇን ይዘው፣ ሌላ ወሬ እያወሩ ቤቷ አስገቧት።

አሁን ልጅ ወልዳለች፤ ሰፈሩንም ለምዳዋለች። የሚጠፉት አማቷ ሆነዋል።

ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከሰዓት በኋላ አማቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እሷ ሕፃኗን አዝላ ልብስ ታጥባለች። ከመንገዱ ማዶ፣ ከልብስ ሰፊው ቤት፣ የስፌት መኪናው ትርርር ይላል። ከዚያ ሰፈሩ ጸጥ ይላል፤ ሕፃኗንም እንቅልፍ ይወስዳታል። ቀና ስትል ትሪው አለ፣ ምስሩ አለ፣ አማቷ የሉም።

ሲመሻሽ ልብስ ሰፊው ይዘዋቸው ይመጣሉ። ሰፈሩ «ጋሽ መቀስ» ይላቸዋል፤ በሥራቸው ብቻ ሳይሆን በምላሳቸውም ጭምር። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ በነጠላ ጫማ፣ የአማቷን እጅ ጨብጠው ከፊት ከፊት ይራመዳሉ። ሰው ለማዳን ጫማ መቀየር እንኳ ትዝ አላላቸውም፣ ትላለች በልቧ። አማቷ ግን የመንገድ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ሻሻቸውን አሳምረው አስረው ነው የሚመጡት።

«ለመጥፋት እንዲህ የሚዘንጥ ሰው አይቼ አላውቅም» ይላል ባሏ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?» ትላለች እሷ።

«ምን ችግር አለው የኔ ልጅ! ጎረቤት ለመቼ ነው?» ይላሉ ጋሽ መቀስ ደረታቸውን ነፍተው።

«ዛሬ ደግሞ የት አገኟቸው?»

«ባንኩ ጋ ነበርኩ» ይላሉ አማቷ ቀድመው። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረው፣ «በል አሁን ግባ፤ በርህ ያውልህ» ብለው በጣታቸው ያሳያሉ።

ባለውለታ እንዲህ ይሸኛል? እሷ በአማቷ ፈንታ ታፍራለች።

በመጨረሻ ባሏ እናቱን ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። እሷም ሕፃኗን ይዛ ተከተለች።

«አንጎላችን ውስጥ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች» አለ ሐኪሙ። «መንገዱን፣ ማዕዘኑን፣ ቦታውን የምትስልልን እሷ ናት። ትናንት የሆነውን ይዛ የምታቆየውም እሷው ናት። እሷ ስትደክም መጀመሪያ የሚጠፋው አዲሱ ነው፤ የድሮው ይቆያል። ሰውየው ታዲያ የሚሄደው ወደሚያውቀው፣ ወደ ድሮው ነው።» ወደ አማቷ ዞረ። «እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ልጄ ሥራ አስፈትቶ ያመጣኝ ቀን።»

«ከዚህ ቤትዎ በየት በኩል ነው የሚኬደው?»

«ምነው፣ ልትመጣ አስበሃል?»

ሐኪሙ ሳቀ። ባሏ አልሳቀም።

«የሚረሳ ሰው በቀልድ ነው የሚሸፍነው» አላት ሲመለሱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባንኩ ያለበት ቦታ ድሮ የሱቅ ተርታ ነበር። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሽ የለ? እማዬ የምትሄደው ወደ ድሮው ነው።»

ነገሩ ተቆረጠ። ቅዳሜ እህቱ ዘንድ ይወስዳቸዋል። እህቱ የምትኖረው ሩቅ ከተማ፣ ፎቅ ላይ ነው፤ ከዚያ ሾልኮ መውጣት የለም። እስከዚያው ግቢው ይቆለፋል፤ ቁልፉም እሷ ጋ ይሆናል።

«እኔ ከዚህ ብሄድ አይሆንም» አሉ አማቷ።

«ለምን?» አላቸው ልጃቸው።

አማቷ ወደ መንገዱ ማዶ አይተው የምስር ትሪያቸውን አነሡ።

«አየሽ?» አላት ባሏ። «ምክንያቱን እንኳ ረስታዋለች።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ሲቋረጥ፣ አማቷ ምስሩን ጥለው ድንገት ተነሡ። የውጭውን በር ነቀነቁት።

«ክፈቺልኝ።»

«እማማ፣ ልጅዎ ይቆጣኛል።»

«ጡት ያጠባሁት እኔ፣ የምትፈሪው አንቺ! ክፈቺ እንጂ!»

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ልጠፋ ነዋ!»

ሳቋን ዋጠች። አማቷ ግን የሳቅ ፊት አልነበራቸውም። በሩን እንደገና ነቀነቁት።

«እባክሽ ልጄ፤ እየዘገየሁ ነው።»

ባሏ ይቆጣት እንጂ፣ እንዲህ የሚለምን ሰው ላይ ቁልፍ መያዝ አልቻለችም። ከፈተች። ሕፃኗን በጀርባዋ አጥብቃ፣ ራቅ ብላ ከኋላ ተከተለቻቸው። ሰው እንዴት እንደሚጠፋ በዓይኗ ልታይ።

አማቷ አልተደናበሩም። በዳቦ ቤቱ ጓሮ አቋረጡ። በዚያ ሳምንት የተቆፈረው መንገድ ጋ ሳይደርሱ ገና ከሩቅ ዞሩለት። የሚያውቋቸው ሰላም ሲሏቸው እጃቸውን ብቻ እያነሡ፣ አንዴም ሳይቆሙ ባንኩ ጋ ደረሱ።

ከባንኩ የመስታወት በር ፊት ጋሽ መቀስ ቆመዋል። አንድ የዛገ ቁልፍ ይዘው ከበሩ ጋር ይታገላሉ።

«ሱቄን ማነው የዘጋብኝ?» ይሉታል ዘበኛውን። «የሰው ልብስ ውስጥ አለ እኮ! ለሠርግ የሚፈልጉት ልብስ ነው!»

ዘበኛው አማቷን ሲያይ እፎይ አለ።

አማቷ ቀረብ አሉና ሰውየውን በቀስታ ክንዳቸውን ያዙ።

«ወንድሜ፣ ዛሬም መንገዱ ጠፋኝ» አሏቸው። «እባክህ ቤቴ አድርሰኝ።»

እሷ በአቋራጭ ቀድማቸው ቤት ገባች፤ ለቅዳሜ የተሸከፈውን ሻንጣ ከፍታም የአማቷን ልብስ አንድ በአንድ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰችው።