አሮጌው ፋየርፎክስ

ፋየርፎክስ። አንድ ብቻ። ያውም አሮጌ፣ ዊንዶውስ ሰቨን ላይ የተጫነ።

ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር ይዤ ደግሜ አየዋለሁ። አንባቢዎቼ ገጼን በየትኛው ብሮውዘር እንደሚከፍቱት የሚያሳየኝ መቁጠሪያ ነው። እስከ ዛሬ የሚበዛው ኦፔራ ሚኒ ነበር፤ ካርድ የሚቆጥቡ፣ የጀሞ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀው በትንሽ ስልክ የሚያነቡኝ ሰዎች። ቀን የምሠራበት የቤት አልሚ ድርጅት ድረ ገጽም በእኔ እጅ ነው። እዚያ የሚገባው አብዛኛው ባለ አይፎን ነው፤ ውጭ አገር ሆኖ በሳፋሪ ሥዕል አይቶ የሚከፍል። ሥዕሉ ላይ ስንጥቅ የለም።

ስንጥቁ ያለው የእኔ ገጽ ላይ ነው። ሀና ማርያም ካሠራናቸው ሕንፃዎች የአንዱ የምድር ቤት ምሰሶ ተሰንጥቆ፣ ለስነው ቀለም ቀቡት። ይህን ጮክ ብሎ የተናገረው ፎርማኑ ፍሮምሳ በስርቆት ተከሶ ታስሯል። እኔ ስሜን ደብቄ ጻፍኩት። ንዴቴ አላስችል ቢለኝ የመጀመሪያውን ገጽ በሙሉ አውቀው ዝም ያሉትን ስሰድብበት ዋልኩ፤ የብሎኩን ቁጥር ያስቀመጥኩት ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው።

ይህን ፋየርፎክስ አውቀዋለሁ። የጫንኩት እኔ ነኝ። የሒሳብ ክፍላችን ኮምፒውተር ላይ ያለው ነው፤ ካደስሽው የሒሳብ ፕሮግራሙ ይበላሻል ብለው እንዳልነካው ከልክለውኛል። እዚያ የሚቀመጡት ወይዘሮ ወርቅዬ ናቸው። የሥራ አስኪያጁ የአቶ ልዑልቃል ቀኝ እጅ።

ከቺፑድ ግድግዳው ማዶ የማውሳቸው ጎማ ይሰማኛል። ትንሽ ይሽከረከራል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይሽከረከራል። እያነበቡ ነው።

«ቀለም ቤት አይሸከምም» ብያለሁ እዚያ ጽሑፍ ላይ። ባለፈው ስብሰባም አቶ ልዑልቃል ፊት ጠረጴዛ እየደበደብኩ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ወይዘሮ ወርቅዬ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ፍሮምሳን የወሰዱት በዚሁ በር ነው፣ ምሳውን እንኳ ሳይጨርስ።

ጣቴ ስልኩ ላይ ይንሸራተታል። ጽሑፉን አገኘዋለሁ። አጠፋዋለሁ።

ጎማው ዝም ይላል።

«ጫልቱ! አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ!»

ስልኬን እንደያዝኩ እገባለሁ። ስክሪኑ ላይ «ገጹ አልተገኘም» ይላል። ወይዘሮ ወርቅዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ማውሱን ደጋግመው ይጫናሉ።

«ቀጣዩን ስጫን ጥፍት አለብኝ። መልሺልኝ።»

«ምን ነበር?»

«ሰው የላከልኝ ነው፣ ስለ ሕንፃችን። ዝም በይ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።» ወደ ኮሪደሩ ያያሉ። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ አፉ ወፍጮ ነው! ፈሪ ይለኛል፣ ሆዳም ይለኛል፤ ዋናውን ሳይነግረኝ ጠፋ። ብሎኩ የቱ ነው? እሱን ብቻ ነበር የምፈልገው።»

«ለምን ፈለጉት?»

«ልጄ ቲና ትናንት ገባችበት። ከነመንታዎቿ። ለሠራተኛ ቅናሽ አለው ብዬ ያስገዛኋት እኔ ነኝ።» ድምፃቸው ይሰበራል። «ብሎክ ሦስት። ሦስት እንዳልሆነ ንገሪኝ እስቲ፤ ካላወቅሽም ፈልጊልኝ። ኮምፒውተር ታውቂ የለ?»

አላውቅም ብል ማንም አይጠረጥረኝም። ምንም አልተገኘም ብል ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ ማታም ጎፋ ወርጄ ቤቴ እገባለሁ።

«እህ? የት ሄደሽ ነው?» ይሉኛል።

«ሦስት ነው» እላለሁ። «መሐለኛው ምሰሶ። ዛሬውኑ ያስወጧቸው።»

ማውሱ ከእጃቸው ይወድቃል። ወንበራቸውን ቀስ ብለው ያዞሩና ያዩኛል፤ መጀመሪያ ዓይኔን፣ ቀጥሎ እጄ ላይ ያለውን ስልክ።

«ሰውዬው» ይላሉ በሹክሹክታ።

የአቶ ልዑልቃል በር ይከፈታል። ጫማቸው ኮሪደሩ ላይ ቋ ቋ እያለ ወደ እኛ ይመጣል። አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት፣ ወይዘሮ ወርቅዬ ብድግ ብለው መዳፋቸውን አፌ ላይ ይጭናሉ።

መዳፋቸው በረዶ ነው።