የእማሆይ እምነት

የአክስቷ ልጅ ያምሮት ጅጋ ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተሰክቶላት ስትተኛ ሰብሊ እህል አልወርድ አላት።

"ከውሃ የመጣ ነው" አለች ነርሷ። "የምን ውሃ ነው የምትጠጣው?"

ያምሮት የምትጠጣው የትምህርት ቤቷን የቧንቧ ውሃ ነው። ያንን ቧንቧ ያስገባው ደግሞ ሰብሊ የምትመራው የተማሪዎች ክበብ ነው።

የክበቡ አባላት የፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ቲያትር እያሳዩ፣ ቆሎ እየሸጡ፣ ዘመድ አዝማዱን እያስቸገሩ ከጅጋ ወጣ ብላ ላለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ጉድጓድ አስቆፈሩ። በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ ውሃውን ወደ ሮቶው ይገፋል፤ ከሮቶው ወደ ቧንቧዎቹ ይወርዳል። በምረቃው ዕለት ከበሮ ተመታ፣ ዳቦ ተቆረሰ። አንድ ሽማግሌ የሰብሊን ግንባር ስመው "ልጆቻችን ከወንዝ ተገላገሉ" ብለው አለቀሱ። እሷም አለቀሰች፤ በልጅነቷ በዚያው ወንዝ መንገድ ጀሪካን ተሸክማ አድጋለችና። ከዚያ ወዲህ ፈተና ይዟት ተመልሳ አልሄደችም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ለቧንቧም ይሠራል።

ቅዳሜ ማለዳ ከክበቡ ጸሐፊ ከክንዱ ጋር በባጃጅ ሄደች። ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ ከሩቅ አየችው። አሁንም እንደ ድሮው ነው፣ ሣር አልበቀለበትም፤ አቧራው በሰኮና ተፈጭቶ ዱቄት ሆኗል። ልጅነቷ ትዝ አላትና ፊቷን አዞረች።

ርእሰ መምህሩ ጋሽ ወንዳወቅ በር ላይ ተቀበሏቸው።

"ውሃው እንዴት ነው፣ ጋሼ?"

"እግዜር ይስጣችሁ። እናንተ ደግ ሠርታችኋል።"

"ችግር የለበትም ወይ ማለቴ ነው።"

"እናንተ ምን አጠፋችሁና!" አሉና ወደ ቢሯቸው ገቡ። የሆነ ነገር የደበቋት መሰላት።

ሰብሊ በብርጭቆ ቀዳች። ቧንቧው ደህና አድርጎ ይወርዳል፤ ውሃው ግን ደፍረስ ያለ ነው። አስቀምጣ ብትጠብቀው ከሥሩ አመድ የመሰለ ነገር ዘቀጠ።

"ይኼ ከጉድጓዱ የመጣ አይደለም" አለ ክንዱ። "ስናስመርቀው እኮ ኩልል ያለ ነበር። አንድ ሰው የሆነ ነገር እየጨመረበት ነው።"

ያንን ሰው ለማግኘት ብዙም አልደከሙም። ዞር ብለው ወደ ጓሮ ሲሄዱ፣ ሮቶው ከተቀመጠበት የድንጋይ ካብ ላይ እማሆይ ሠርክአዲስ ቆመዋል። ከትምህርት ቤቱ በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። ክዳኑን ከፍተው ጀሪካን ይገለብጣሉ። ጀሪካኑ ላይ መስቀል ተስሏል፤ የጸበል ጀሪካን ነው። ከካቡ ሥር ጀርባዋ የተላጠ አህያቸው አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

"እማሆይ! ምንድን ነው የሚጨምሩበት?"

መነኩሲቷ ደነገጡ። ቆባቸውን አስተካከሉ፣ ሰብሊን አተኩረው አዩና ፈገግ አሉ።

"እምነታችሁን ነው፣ ልጄ። እንዳይጎድል ብየ።"

"ሰማሽ?" አለ ክንዱ በሹክሹክታ። "እምነት ነው የሚበጠብጡበት! አመዱ እሱ ነው።"

ሰብሊ ራሷ በልጅነቷ ሲያተኩሳት ከቤተ ክርስቲያን የመጣ እምነት ግንባሯን ተቀብታለች፣ በውሃ ተበጥብጦላትም ጠጥታለች። መነኩሲት መናገር ከበዳት። ግን ያምሮት ዓይኗ ላይ ነበረች።

"እማሆይ፣ ልጆች እየታመሙ ነው። ያምሮትን ያስተኛት ይኼ ውሃ ነው።"

የመነኩሲቷ ፊት ጠቆረ። ካቡ ላይ ቁጭ አሉ። "ያምሮት? እኔን! እኔን ይድፋኝ!"

"አመኑ እኮ" አለ ክንዱ።

ጅጋ ሄዶ ጓጉንቸር ገዝቶ መጣ። ሰብሊ ካቡ ላይ ወጣች። ክዳኑን ስትገጥም ከፓምፑ ከሚመጣው ቱቦ አፍ ላይ የሸረሪት ድር እጇ ላይ ተጣበቀ፤ በቀሚሷ ጠረገችው። ጋሽ ወንዳወቅ በመስኮት ያያሉ። አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት።

"ተይ፣ ልጄ፣ አትዝጊው" አሉ እማሆይ። "ሰኞ ልጆቹ ይመጣሉ።"

"ለልጆቹ ብዬ ነው የምዘጋው።"

"እንግዲያ እሱ ያውቃል" አሉና አህያቸውን እየነዱ ሄዱ። ሰብሊ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው። መነኩሲት ማስቀየሟ ቢቆጫትም ትክክል እንደሠራች አልተጠራጠረችም።

በሳምንቱ ያምሮት ድና ወጣች። ሰብሊ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ይኸው ማስረጃው! የምሥራቹን ይዛ ከክንዱ ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ በረረች።

ቅዳሜ ለማጠናከሪያ ትምህርት የመጡት ወንዶቹ ብቻ ነበሩ። ሴቶቹ ወንዝ ወርደዋል። ሰብሊ ቧንቧውን ከፈተች። አንድ ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። ሌላውን ከፈተች፤ እሱም ጠብ አላለም።

"ከሰኞ ከሰዓት ጀምሮ እንዲህ ነው" አለ አንዱ ተማሪ።

"ሰበሩት!" ጮኸ ክንዱ። "ክዳኑን ብንዘጋባቸው ቂም ይዘው ቧንቧውን ሰበሩት! ቆብ ደፍተው እንዲህ ያለ ተንኮል!"

ሰብሊ ደሟ ፈላ። ዳገቱን እየሮጠች ወጣች። እማሆይ ጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠው የአህያቸውን ቁስል ቅቤ ይቀባሉ። የወንዝ ደለል የቀረባቸው ባዶ ጀሪካኖች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል።

"እማሆይ!" አለች እያለከለከች። "የልጆቹን ውሃ ምን አደረጉት?"

መነኩሲቷ ቀና ብለው፣ ማተቧ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ አዩ።

"ጉድጓዱማ፣ ልጄ፣ እናንተ አስመርቃችሁ በሄዳችሁ በሳምንቱ ነው የደረቀ።"