ጋሽ ከልካይ በምን ሕግ ተያዙ?

ከዋሸሁ ምላሴን ይቁረጠው፤ ነጭ ውሸት ቢመስልም አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ጋሽ ከልካይ ከማኅበር ሲመለሱ ጠጥቶ በማሽከርከር ተከሰሱ። ፀጉራቸው እስኪሸብት ሲነዱ ኖረው ክስ የሚባል ነገር አያውቁም፤ አሁን መንጃ ፈቃዳቸው ሊታገድ ነው። ደማቸው ፈላ። የጣቢያውን ጠረጴዛ በቡጢ ደለቁት።

«መንጃ ፈቃዴን መልስ፣ አንተ ጥጃ። አያትህ አህያ ሲነዳ እኔ መኪና እነዳ ነበር።»

«አባባ፣ መመርመሪያው ላይ ሲተነፍሱ ከልክ በላይ ነው ያሳየው» አለ ወጣቱ ፖሊስ።

«ታዲያ ‹በሞቴ› እያሉ ሲቀዱልኝ ጽዋ ልመልስ? የማኅበር ጠላ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መጠጥ የሆነው? መስመሬን ይዤ፣ ቀስ ብዬ፣ በሰላም ቤቴ ስገባ በምን ሕግ ነው ያስቆማችሁኝ?»

ፖሊሱ ሳቀ።

«ማንም አላስቆመዎትም። ራስዎ መጥተው በራችን ላይ ክላክስ አደረጉ። ጥበቃው ሲከፍትልዎ ‹ምን ያንቀራፍፍሃል› ብለው ተቆጡት። ከዚያ መኪናዎን ከአዛዡ መኪና ጎን አቆሙ፤ ገብተው ጫማዎን አወለቁና አዛዡን የእግር ውሃ አምጣ አሉት።»

ጋሽ ከልካይ ጎንበስ ብለው እግራቸውን ቢያዩ ካልሲ ብቻ ነው።

እሺ፣ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። ፖሊሱ አልሳቀም።