ያልጠቆረው አቡጀዲ

ንጋቷ የመጨረሻውን አቡጀዲ ከወንዙ ትጎትትና ድንጋይ ላይ ትዘረጋዋለች። ይኼም ነጭ ነው። ቅጠል ተለጥፎበታል፣ ጠርዙ ትንሽ ጭቃ ይዟል፤ ከዚያ በተረፈ ከሱቅ እንደተገዛ ነው። ወሩ ጥቅምት ነው፤ የቡና ማጠቢያው ፍሳሹን ወንዙ ውስጥ የሚለቅበት ቦይም እነሱ ካሉበት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ካሜራ እየቀረጸው እዚህ የሰነበተው ጨርቅ መጥቆር ነበረበት።

«አጥቦ መለሰልሽ» ይላል ማቴዎስ፣ ሊያስቃት። አትስቅም።

ማቴዎስ የዋሽንት ነፊዎቹ አለቃ ነው። በእነሱ አነፋፍ አንድ ሰው አንድ ቀርከሃ ይይዛል፤ አንዱ ቀርከሃ አንድ ድምፅ ብቻ አለው፣ ዜማ የሚሆነው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። የአንዱን ቀርከሃ ሌላው አይነፋም። ባለቤቱ ከቀረ ቦታው ባዶውን ይታለፋል። ንጋቷ ይህን የሰማች ቀን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፣ ለኤግዚቢሽኗ የምታዘጋጀው ሥራም የተፀነሰው ያን ሌሊት ነው። በየነፊው ጀርባ ወንዙ ያቀለመው አቡጀዲ አንድ በአንድ ይሰቀላል፤ የጠቆረ ጨርቅ የተሰቀለበት ሰው ዝም ይላል። ዜማው እየሳሳ ሄዶ እንደ ወንዙ ዓሣ ያልቃል።

ማቴዎስ የተስማማው በአንድ ነገር ነው፦ ጨርቁን ወንዙ ራሱ ያቅልመው፣ እነሱም ጨርቁ ያላቸውን ይሰማሉ። ነጭ ከሆነ ይነፋሉ፣ ከጠቆረ ዝም ይላሉ። ያኔ ንጋቷ ነጭ ይወጣል ብላ አላሰበችም።

ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ ሚዛን ከተማ ይከፈታል። በስሟ የሚከፈት የመጀመሪያዋ ነው፤ ባነሩ አደባባዩ ላይ ተሰቅሎ ከቴፒም ከጌጫም የሚያውቋት ሁሉ ፎቶ እያነሱ ልከውላታል።

የማጠቢያው ካቦ ኸይሩ በዳገቱ ቁልቁል ይመጣል። የጤናዋን፣ የቤተሰቧን፣ የመንገዱን ይጠይቃል፤ ቀጥሎም መቼ እንደሚጨርሱ። እሷ ደግሞ ውሃው ስለምን እንዲህ እንደጠራ ትጠይቀዋለች። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ማቴዎስ ትክ ብሎ ሲያየው ግን ይስቅና ይናገራል፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«ባለቤቱ ነው ቦዩን ያስዘጋው። ካሜራ ይዛችሁ እዚህ እስካላችሁ ድረስ ጠብታ ወንዝ እንዳይገባ ብሏል። ጉድጓድ ውስጥ እያጠራቀምነው ነው። እናንተ ስትሄዱ እንለቀዋለን።»

ንጋቷ እፎይ ትላለች። ነገሩ ቀላል ሆነላት፤ ጨርቆቹን ጉድጓዱ ውስጥ ትነክራቸዋለች። ኸይሩም ቅር አይለውም፤ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ ከፈለገች ዛሬውኑ ትንከር ይላል። ጨርቁን መሰብሰብ ስትጀምር ማቴዎስ ጫፉን ይረግጥባታል።

«ያው ፍሳሽ አይደለም እንዴ፣ ጋሽ ማቴዎስ?»

«ያው ነው። ግን ያቀለምሽው አንቺ ነሽ፣ ወንዙ አይደለም። ሰዎቼ አንቺ ዝም በሉ ስላልሻቸው ዝም አይሉም።»

«ነጩን ብሰቅለውስ?»

«ሙሉውን እንነፋዋለን።»

ሙሉውን ነፉት ማለት ወንዙ ደህና ነው አሉ ማለት ነው። የማጠቢያው ባለቤት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሁሉም በላይ ያጨበጭባል። ቢነከር ውሸት፣ ባይነከርም ውሸት። የሽማግሌው ግትርነት ያናድዳታል፤ ይበልጥ የሚያናድዳት ግን ልክ መሆኑ ነው። ጨርቁን ለቃ ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች።

ከታች ሴቶች ጄሪካን እየሞሉ ነው። አምና በዚህ ወቅት ከሽታው የተነሳ ወደዚህ ዝር የሚል አልነበረም፤ ውሃ የሚቀዳው ከዳገቱ ማዶ ካለው ምንጭ ነበር። አንዷ ጉልበቷ ድረስ ገብታ ያዘለችውን ልጅ እግር በእፍኟ ታጥባለች። ልጁ ውሃው ቀዝቅዞት ያለቅሳል፣ እሷ ትስቃለች። ንጋቷ ረጅም ጊዜ ታያቸዋለች።

«እና ለቅዳሜ ትደርሳላችሁ አይደል፣ እህቴ?» ይላል ኸይሩ። «ጉድጓዱ ከቅዳሜ አያልፍልኝም።»

«አንደርስም» ትላለች።

ማቴዎስ እግሩን ከጨርቁ ላይ ያነሳል።

«ቀለሙ አልያዘም። እስኪይዝ እዚሁ ነን፤ ካሜራውም እዚሁ ነው።»

ኸይሩ እስከ መቼ እንደሆነ ይጠይቃል። እስኪይዝ ድረስ ትለዋለች። አደባባዩ ላይ ያለው ባነርስ ይላታል፤ እሱንም አይቶታል። ይወርዳላ ትላለች። ይህን ብላ ፊቷን ወደ ውሃው ታዞራለች። ኸይሩ ጥቂት ቆሞ አንዴ እሷን፣ አንዴ ዳገቱን ያያል። ደህና ዋሉ ብሏቸው ይወጣል።

ንጋቷ ሱሪዋን ጠቅልላ ወንዙ ውስጥ ትገባለች። ማቴዎስ ሳይጠየቅ የአቡጀዲውን አንድ ጫፍ ይዞ ይከተላታል፣ ውሃው ጨርቁን ወጥሮ ይይዘዋል። ጨርቁን በገመድ እያሰሩ ሳለ ከላይ የኸይሩ ድምፅ ይሰማል፣ ሌላ ጉድጓድ እንዲቆፍሩ ሠራተኞቹን በየስማቸው ይጠራል። ከዚያ ዶማ መሬት ሲመታ ይሰማል፤ አንድ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ብዙ።