ሩሯ የታለች?

«ምታት! አርቮ፣ ምታት!» የላይ ሰፈር ሰው በአንድ አፍ ይጮኻል። ከወይራ ተጠርባ የተድቦለቦለችው ሩር አርቮ እግር ሥር ቆማለች። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ስትጠልቅ የገናው ጨዋታ ያበቃል። እስካሁን ማንም አላገባም።

ፊንላንዳዊው አርቮ ጎባ የመጣው አናጢነት ሊያስተምር ነው። በአገሩ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ እንዲሁ በቆልማማ ዱላ፣ ኳስ የሚመቱበት ጨዋታ አለ፤ ባንዲ ይሉታል። ስምንት ዓመት ተጫውቶ ስሙ ገንኖ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ዱላው ኳሷን ስቶ የጓደኛውን የፔካን ጉልበት ሰበረ። ፔካ ዛሬም ያነክሳል፤ ደብዳቤም አይመልስለትም። አርቮ ከዚያ ወዲህ ዱላ ላለመጨበጥ ምሎ ነበር። ይኼኛውን ዱላ ግን ጠርቦ ያመጣለት የሥራ ባልደረባው ለሜሳ ነውና እንቢ ማለት አቃተው።

ያው ለሜሳ አሁን ለታች ሰፈር ቆሞ መንገዱን ዘግቶበታል። «ና እስቲ፣ ኦቦ አርቮ! ፈራህ እንዴ?» እያለ ይሳለቅበታል።

ፈርቷል እንጂ። ዐይኑን ከለሜሳ ቅልጥም ላይ መንቀል አልቻለም።

ሰነዘረ። ቋ! አለ። አጥንት ነው። ለሜሳ ዘጭ ብሎ ወደቀ።

አርቮ ዱላውን ወርውሮ፣ ሰዉን እየገፋ፣ ዳር ላይ በርጩማ ይዘው ወደተቀመጡት ወደ ግራዝማች ገብረ መድኅን ሄደ። በአዘቦት ቀን የሰፈሩን ክስ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው።

«እኔ ነኝ የመታሁት» አለ። «ይፍረዱብኝ።»

ግራዝማች ከራሱ እስከ እግሩ አዩት። «የምን ፍርድ? በገና ጨዋታ የተመታ ሰው አይከስም። ዛሬ እኔንም ብትመታኝ ዝም ነው።»

ከኋላው አንድ እጅ የአርቮን ትከሻ ያዘ። ለሜሳ ነው፤ የደማ ቅልጥሙን በነጠላው ጠፍሮ፣ የተወረወረውን ዱላ ይዞ መጥቷል።

«ሩሯ የታለች?» አለው።

አርቮ ወደ ሜዳው ዞረ። ሩሯ ከነበረችበት ንቅንቅ አላለችም።

«እንካ፣ ቀቢ፣ ያዝ!» ለሜሳ ዱላውን አስጨበጠው። «አሁን እኔን ተወኝና እሷን ምታት።»

እያነከሰም ሄደና፣ ቀድሞ በቆመበት ቦታ ተመልሶ ቆመ።