የአስካለ ሮማን

ጎረቤቷ አበጋዝ ከአስካለ ደጃፍ የደረሰው አሥር እርምጃ በተራመደ ቁጥር እያረፈ ነው። የደም ስሩ እንደ አሮጌ ጎማ ደርቋል። ከሮማን ውስጥ የደም ስር ማለስለሻ የሚያወጡት ባክቴሪያዎች ከአብዛኛው ሰው ጠፍተው፣ በሰፈሩ የሚገኙት አስካለ አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ለጠየቀ ሁሉ ማካፈል ደግሞ ሕግ ነው።

«አስካልዬ፣ ያለፈውን እርሺው» አላት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አባቷ የተከሏቸውን አሥራ ሰባት የሮማን ዛፎች ለመኪናው ማቆሚያ ብሎ በአንድ ጠዋት ያስጨፈጨፈው እሱ ነው። ሮማን ከገበያ ጠፍቷል፤ ከኩሽናዋ ጀርባ የተረፈችው አንዲት ዛፍ ለራሷ ብቻ ነው የምትበቃው።

አስካለ ለማካፈል ከአንጀቷ የተወሰደውን ባክቴሪያ የያዙ እንክብሎች ከፍሪጅ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ምርቃቱን እስኪጨርስ ጠበቀችና ሮማን ፈልፍላ ፍሬውን እፊቱ አንድ በአንድ ትበላ ጀመር።

«ባክቴሪያዎቹን ሮማን ካላበሏቸው በሦስት ቀን ይሞታሉ፣ ጋሽ አበጋዝ።»

«ሮማን ዛሬ ከየት ይገኛል?»

የመጨረሻዋን ፍሬ ጎረሰች።

«መኪናዎን የሚያቆሙበት ቦታ ላይ ሞልቶ ነበር» አለችው።