ከሰዓት ጋር

ሄልሜቱ ጠቧታል፤ ቀበቶው ትከሻዋን ከወንበሩ ጋር አጣብቆታል። በጀማሪዎች የሰዓት ውድድር ሁሉም ተራ በተራ ብቻውን ይነዳል፤ ተፎካካሪው ሰዓቱ ነው። እሷ ግን ከመኪናዋ ገብታ ብቻዋን ሆና አታውቅም፤ የአባቷ ሕልም አብሯት ይገባል። አባቷ በወጣትነቱ ተወዳዳሪ ነበር። በአደጋ አንድ እግሩን ካጣ በኋላ ይህችን አሮጌ መኪና ለእሷ ሲጠጋግን ሦስት ዓመት ፈጅቷል። «አልፈልግም» ልትለው ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ፣ ግሪስ የነካው ፊቱን ስታይ መልሳ ዘግታዋለች።

የመነሻው ባንዲራ ወረደ። ዙሩን ጨርሳ ስትቆም ዳኛው በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ጎበዝ! እስካሁን ከገቡት አንደኛ ነሽ» አላትና ወደ ቀጣዩ መኪና ሄደ።

አባቷ በክራንቹ እየተደገፈ ደረሰ።

«እንዴት ነው? ስንተኛ ሆንሽ?»

«መጨረሻ» አለችው፣ ዓይኑን ላለማየት ቀበቶዋን እየፈታች። «አልችልበትም አባዬ። ይቅርብኝ።»

ቀና ስትል የመኪናዋን ጣሪያ ተደግፎ ያለቅሳል።

«ተመስገን!» አለ። «የምትወጂው መስሎኝ እኮ ነው ልጄ። ለልምምድ በወጣሽ ቁጥር ሞቼ ነው የምነሳው።»